ለሕፃኑ ሥዕሉን ማን ይተርጕምለት?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 8 የተጻፈውን የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ታሪክ ሁላችሁ ታውቁታላችሁ። የንግሥት ሕንደኬ ባለሟልና የገንዘቧ ሁሉ አዛዥ የነበረው ይህ ሰው በኢየሩሳሌም ሰግዶ ወደ አገሩ ሲመለስ፥ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ፊልጶስም ሮጦ ደረሰና የሚያነበውን ያስተውል እንደ ሆነ ጠየቀው። ባለሟሉ በሹመቱ ሳይኮራ፥ የሚመራው ሰው ሳይኖር እንዴት ሊያስተውል እንደሚችል በትሕትና መለሰለት፤ ወጥቶም አብሮት እንዲቀመጥ ለመነው።

እስቲ ይህን ነገር ቀስ ብለን እንመልከተው። ባለሟሉ መጽሐፍ አልጐደለውም፤ በእጁ ይዞታል። ዓይንም ፊደልም አልጐደለውም፤ ያነባል። የጐደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም አብሮት ተቀምጦ የሚተረጕምለት ሰው ነው። ፊልጶስም ያደረገውን ተመልከቱ። መጽሐፉን ከእጁ አልነጠቀውም፤ ብቻውንም ትቶት አላለፈም። ወደ ሠረገላው ወጣ፥ ከጎኑ ተቀመጠ፥ ሰውየው ካነበበው ከዚያው ስፍራ ጀምሮ ስለ ክርስቶስ ነገረው። አለመንጠቅና አለመተው፤ የዛሬው ትምህርታችን በእነዚህ በሁለቱ መካከል የቆመ ነው።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ስለ ልጆቻችን ነው። በዚህ ዘመን ሕፃናት በቴሌቪዥንና በስልክ መስኮት ፊት ተቀምጠው ብዙ ሰዓት ያሳልፋሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከቱትም በሥዕል የተሠሩትን፥ ካርቱን ወይም አኒሜሽን የሚባሉትን ፊልሞች ነው። እናት ወጥ ስትሠራ፥ አባት ከሥራ ደክሞ ሲገባ፥ ሕፃኑ እንዳያስቸግር ፊልሙ ይከፈትለታል። ሞግዚት ሆኖ ተቀጠረ ማለት ነው። ሞግዚት ስንቀጥር ማን እንደ ሆነች፥ ከየት እንደ መጣች፥ ጠባይዋ እንዴት እንደ ሆነ እንጠይቃለን፤ ዋስም እናስጠራለን። ይህን ሞግዚት ግን ማን ጠየቀው? ምን እንደሚያስተምርስ ማን ሰማው?

አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ልናገር። እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ እነዚህን ፊልሞች የልጅ ጨዋታ ናቸው ብዬ ንቄ ነበር። ዓይኔን የከፈተልኝ አንድ ሕፃን ነው። የቤቱን ሰዎች ፈቃድ ጠይቄ፥ ማን እንደ ሆኑም ሳልገልጥ፥ ነገሩን ልንገራችሁ።

ከንስሐ ልጆቼ አንዱን ልጠይቅ ወደ ቤቱ ሄድሁ። ሰባት ዓመት የሆነው ልጁ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ፥ የጠፋ ልጁን ፍለጋ ባሕር ስለሚያቋርጥ ዓሣ የሚናገር ፊልም ይመለከታል። አባትየው ከኋላው ወንበር ላይ ሆኖ ስልኩን ይነካካል። ሕፃኑ በድንገት ወደ እኔ ዞረና፥ «አባ፥ እኔ ብጠፋ አባዬ ይፈልገኛል?» አለኝ። እኔም ፈገግ ብዬ፥ «እንዴት አይፈልግህም፥ ልጄ! እስኪያገኝህ ድረስ እንቅልፍ አይወስደውም» አልሁት። ሕፃኑ ጥቂት ዝም አለና፥ «ታዲያ ወንድሜን ለምን አልፈለገውም?» አለ።

ምእመናን፥ በዚያ ቤት ጸጥታ ወደቀ። ታላቁ ልጅ ከአባቱ ጋራ ተጣልቶ ከቤት ከወጣ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ ገብተውበት፥ «ጥፋቱ የእርሱ ነው፤ ይምጣና ይቅርታ ይጠይቅ» እየተባሉ ተመልሰዋል። እኔም የንስሐ አባቱ ሆኜ ብዙ መክሬ አልተሳካልኝም። ያን ቀን ግን አባትየው ስልኩን አስቀመጠ፤ እኔም የምመልሰው ጠፍቶኝ አቀረቀርሁ። ሕፃኑ ፊልሙን አንብቦታል፤ የሚተረጕምለት ሰው ግን አላገኘም። በኋላ የሆነውን በስተመጨረሻ እመለስበታለሁ። አሁን ግን ይህ ፊልም የሚባለው ነገር ምን እንደ ሆነ እንመርምር።

በፊልም ውስጥ በአንድ ሴኮንድ 24 ምስሎች በፊታችን ያልፋሉ። እንግዲህ 90 ደቂቃ የሚፈጅ አንድ ፊልም 129,600 ምስሎች አሉት ማለት ነው። በቀድሞው ዘመን ሠዓልያን ሥዕሎቹን በእጃቸው ይሥሉ ነበር፤ አንዱንም ሥዕል ብዙ ጊዜ ለሁለት ምስል ያቆዩት ነበር። ዛሬ አብዛኛው ሥራ በኮምፒውተር ይከናወናል። የሚያስደንቀው ግን ከእነዚህ ሁሉ ምስሎች አንዱ እንኳ የማይንቀሳቀስ መሆኑ ነው። አያይዞ የሚያንቀሳቅሳቸው የተመልካቹ ዓይንና አእምሮ ነው። ትርጕሙም እንደዚሁ ነው። ፊልሙ ሥዕሉን ያሳያል፤ ሕፃኑ ግን በልቡ ውስጥ ከአባቱ ጋራ፥ ከወንድሙ ጋራ፥ ከቤቱ ኑሮ ጋራ ያያይዘዋል። እኛ አጠገቡ ካልተቀመጥን፥ ከምን ጋራ እንዳያያዘው አናውቅም።

በሥዕል ማስተማር ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ አይደለም። በዘጌ ወደሚገኘው ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሄደ ሰው የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል ተሞልቶ ያያል። በጐንደር ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰውም ቀና ሲል የመላእክት ፊት ከጣሪያው ላይ ሆኖ ይመለከተዋል። አባቶቻችን ፊደል ላልቈጠረ ሰው ግድግዳውን መጽሐፍ አድርገው ሰጥተውታል። ነገር ግን ሥዕሉን ብቻውን አልተዉትም። ካህኑ በመቋሚያው እያመለከተ፥ «ይህ እንዲህ ነው፤ ያም እንዲህ ነው» እያለ ያስረዳ ነበር። ሊቃውንቱም መጻሕፍትን ሲተረጕሙ አንዱን ነገር ተናግረው «አንድም» ይላሉ፤ ከላይኛው ትርጕም በታች ያለውን ሌላውን ምሥጢር ይገልጣሉ። እኛም ዛሬ በልጆቻችን ፊት በሚያልፈው ሥዕል ላይ «አንድም» የሚል አባት፥ «አንድም» የምትል እናት ያስፈልገናል።

ይህን በተግባር ለማየት በዓለም ሁሉ የታወቁ አራት ፊልሞችን እናንሣ። ዓመታቱን የምቈጥረው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

የመጀመሪያው በ1940 በአሜሪካ በዋልት ዲዝኒ ድርጅት የወጣው «ፒኖኪዮ» ነው። ታሪኩ የተወሰደው ካርሎ ኮሎዲ የተባለ ጣልያናዊ ደራሲ በ1883 በመጽሐፍ ካሳተመው ልብ ወለድ ነው። ጄፔቶ የሚባል ሽማግሌ ጠራቢ ከእንጨት አንድ አሻንጉሊት ልጅ ይሠራል። አሻንጉሊቱ ሕይወት ይሰጠውና እውነተኛ ልጅ ለመሆን ደግ፥ እውነተኛና ደፋር እንዲሆን ይታዘዛል። ኅሊና እንድትሆነውም ትንሽ ፌንጣ ትመደብለታለች። እርሱ ግን ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ አታላዮች ያስቱታል። በዋሸ ቍጥር አፍንጫው ይረዝማል። ወደ ተድላ ደሴትም ይወሰዳል፤ በዚያ ያሉ ልጆች እንዳሻቸው ሲበሉ፥ ሲያጨሱና ሲያፈርሱ ቈይተው ወደ አህያነት ይለወጣሉ። ንጉሥ ዳዊት በመዝሙሩ፥ ሰው ክቡር ሆኖ ሳለ ክብሩን ባለማወቁ እንስሳትን እንደ መሰለ የተናገረው በሥዕል ተገልጦ የታየ ይመስላል። በዚህ ጊዜ ሽማግሌው አባት ልጁን ፍለጋ ወጥቶ በዓሣ ነባሪ ይዋጣል። ልጁም ይህን ሲሰማ ወደ ባሕሩ ጥልቅ ይወርዳል፤ አባቱን ያድናል፤ ስለ አባቱም ሕይወቱን ይሰጣል። እውነተኛ ልጅ የሚሆነውም ከዚህ በኋላ ነው።

ሁለተኛው በ1994 የወጣው «አንበሳው ንጉሥ» ነው። የሲምባን አባት ክፉው አጐቱ ስካር ይገድለዋል፤ ጥፋቱንም በደቦሉ ላይ ያላክካል። ደቦሉ «አባቴን የገደልሁት እኔ ነኝ» ብሎ እያመነ አገሩን ጥሎ ይሸሻል። ከቤቱ ርቆ ስለ ምንም ነገር እንዳይጨነቅ ከሚመክሩት ጓደኞች ጋራ ትል እየበላ ያድጋል። ምእመናን፥ ይህ የማን ታሪክ ይመስላችኋል? የንጉሥ ልጅ ሆኖ ሳለ ትል መብላት፥ የአባት ቤት ሳለለት የእሪያን ምግብ መመኘት ነው። በመጨረሻም አንድ አረጋዊ ዝንጀሮ ወደ ውሃ ይመራዋል። በውሃው ላይ የራሱን መልክ ሲያይ፥ የአባቱን መልክ በራሱ ላይ ያገኛል። አባቱም በደመና ውስጥ ተገልጦ ማን እንደ ሆነ እንዲያስታውስ ይነግረዋል። እርሱም ተነሥቶ ይመለሳል።

እዚህ ላይ «አንድም» እንበል። ሰው በእግዚአብሔር አርአያና አምሳል ተፈጥሯል። ኃጢአት የሚያስረሳን ይህን ነው። ሰይጣንም እንደ ስካር አስቀድሞ ያሳስታል፤ በኋላ ደግሞ «ከእንግዲህ ይቅርታ የለህም፤ ሽሽ» ይላል። ንስሐ ማለት ማን እንደ ሆንን አስታውሶ ወደ አባት ቤት መመለስ ነው። ልጃችሁ የሚያለቅስበትን ያንን ክፍል አብራችሁ ካያችሁ፥ ስለ ንስሐ ለማስተማር ከዚህ የቀረበ በር አታገኙም። ነገር ግን ከሞቱ ሰዎች መንፈስ ምክር መጠየቅ በኦሪት ዘዳግም የተከለከለ መሆኑን፥ እኛ ወደ ሕያው አባት እንደምንጸልይ፥ በየዋህነት ንገሩት።

ሦስተኛው በ2003 የወጣው «ኔሞን ፍለጋ» ነው። ያ ሕፃን ሲመለከተው የነበረው ይህንኑ ነው። ማርሊን የተባለ ትንሽ ዓሣ ሚስቱንና እንቍላሎቹን በአንድ ቀን አጥቶ አንድ ልጅ ብቻ ይቀርለታል። ልጁም አንዱ ክንፉ ትንሽ ነው። አባቱ ከፍርሃት ብዛት ልጁን አላንቀሳቅስ ይለዋል። ልጁ በእልኽ ከአባቱ ርቆ ወደ መርከብ ሲዋኝ በጠላቂ ሰው ይያዛል፤ ሲድኒ ወደምትባል ከተማም ይወሰዳል። በፈሪነቱ የታወቀው አባት ያን ጊዜ ሻርኩንም ጨለማውንም አልፎ ውቅያኖሱን ያቋርጣል። የፍለጋውም ወሬ ከዓሣ ወደ ኤሊ፥ ከኤሊ ወደ ሌሎች ፍጥረታት እየተላለፈ ይሄድና፥ በመስተዋት ገንዳ ታስሮ ለተቀመጠው ልጅ አንድ የባሕር ወፍ ያደርስለታል። ልጁ አባቱ እየፈለገው መሆኑን ሲሰማ፥ ተስፋ ቈርጦ የነበረው ልቡ ይበረታል።

እኔ ይህን ክፍል በኋላ ተቀምጬ ሳየው እንባዬ መጣ። ወንጌል ማለት የምሥራች ማለት ነው፤ የምሥራቹም አባትህ እየፈለገህ ነው ማለት ነው። እኛ ካህናት የምንሰብከው ይህን አይደለምን? በገንዳ ውስጥ ላለው እስረኛ ይህን ወሬ ከማድረስ ሌላ ምን ሥራ አለን? በፒኖኪዮ ሽማግሌው፥ በዚህም ማርሊን፥ በዓሣ ነባሪ ተውጠው መውጣታቸውንም አስተውሉ። ጾመ ነነዌን የሚጾም ቤት ልጅ ይህን ሲያይ ዮናስን ማስታወስ ነበረበት። ካላስታወሰ ጥፋቱ የማን ነው? ዮናስን ያልነገርነው እኛ ነን።

እነዚህ ሦስት ፊልሞች በአንድ ምዕራፍ ዙሪያ የሚሽከረከሩ ይመስላሉ፤ እርሱም የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ነው። በዚያ ጌታችን ስለ ጠፋው በግ፥ ስለ ጠፋው ድሪም፥ ስለ ጠፋውም ልጅ አስተምሯል። ለበጉ እረኛው ወጥቶ ይፈልጋል። ለድሪሙ ሴቲቱ መብራት አብርታ ቤቷን ትጠርጋለች። ልጁ በጠፋ ጊዜ ግን ፍለጋ የወጣ ሰው አልተጻፈም። አባቱ ከሩቅ አይቶ ሮጦ ተቀበለው፤ ታላቅ ወንድሙ ግን አልፈለገውም፤ ሲመለስም ተቈጥቶ ወደ ቤት አልገባም አለ። ሊፈልገን የወጣው እውነተኛው ታላቅ ወንድማችን፥ በብዙ ወንድሞች መካከል በኵር የተባለው ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ነው። እርሱ ወደ ባሕር ጥልቅ ብቻ ሳይሆን ወደ ሲኦል ወርዶ አዳምን ፈለገው።

አራተኛው ፊልም ከእነዚህ ይለያል፤ ታሪኩ ራሱ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ ነውና። ይኸውም በ1998 ድሪምወርክስ የተባለው ድርጅት ያወጣው «የግብጽ ልዑል» የሚባለው ነው። ሠሪዎቹ ብዙ የሃይማኖት ሊቃውንትን አማክረዋል። በፊልሙ መጀመሪያም ለኪነ ጥበቡ ሲሉ ያሻሻሉት ነገር እንዳለ በግልጥ አስታውቀዋል። እውነትም አሻሽለዋል። በኦሪት ዘፀአት ሕፃኑን ሙሴን ከውሃ ያወጣችው የፈርዖን ልጅ ስትሆን፥ በፊልሙ የፈርዖን ሚስት ናት። በኦሪት የፈርዖን ስም አልተጻፈም፤ በፊልሙ ራምሴስ ተብሎ ከሙሴ ጋራ እንደ ወንድም ያደገ ሆኗል። ይህን ልዩነት የሚያውቅ ወላጅ ፊልሙን ከልጁ ጋራ አይቶ መጽሐፉን ይገልጣል፤ «እስቲ ማን ነበረች ያወጣችው? ፈልግ» ይላል። ልጁም መጽሐፍ ቅዱስን በራሱ እጅ መፈለግ ይማራል።

በዚህ ፊልም ውስጥ ሙሴ በኮሬብ ነድዳ የማትቃጠለውን ቍጥቋጦ የሚያይበት ክፍል አለ። ሥዕሉ ያማረ ነው። ነገር ግን የኦርቶዶክሳዊ ቤት ልጅ ከዚህ በላይ የሚያውቀው ሊኖር ይገባል። በሐሙስ ውዳሴ ማርያም ሙሴ ያያት ዕፅ የእመቤታችን ምሳሌ ሆና ትነገራለች። ነበልባሉ ሐመልማሉን እንዳላቃጠለው፥ እሳተ መለኮትም ማኅፀኗን አላቃጠላትም። ባሕሩ በተከፈለ ጊዜም ሐዋርያው ጳውሎስ ያን መሻገር ጥምቀት እንዳለው አስታውሱት። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 12 የሙሴ ሚስት ኢትዮጵያዊት ተብላ መጻፏንም ንገሩት። ፊልሙ ይህን ሁሉ አልተናገረም፤ ሊናገርም አይገደድም። መናገር የሚገባን እኛ ነን።

እንግዲህ መልካሙን ካየን፥ የጐደለውንም ሳንሸፍን እንናገር። ሦስት ነገር አለ።

አንደኛ፥ በፒኖኪዮ ሽማግሌው ልጅ እንዲሰጠው የሚመኘው ወደ ኮከብ እያየ ነው፤ ምኞቱንም የምትፈጽምለት በአስማት የምትሠራ ሴት ናት። እኛ የምንለምነው ኮከቡን ሳይሆን ኮከቡን የፈጠረውን ነው። ሕፃን ልጅ ጸሎትና ምኞት አንድ እንዳይመስሉት ልናስተምረው ይገባል። ምኞት «የምፈልገው ይሁንልኝ» ይላል፤ ጸሎት ግን በመጨረሻው «ፈቃድህ ይሁን» ይላል።

ሁለተኛ፥ ከእነዚህ ፊልሞች ብዙዎቹ ልጁን ልብህን ስማ፥ ልብህም የሚልህን አድርግ ይሉታል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ሕግ በልብ መጻፉን፥ ኅሊናም መመስከሩን ሐዋርያው አስተምሯል። ነቢዩ ኤርምያስ ግን የሰው ልብ ተንኰለኛ መሆኑን ተናግሯል። ያ አባት ሁለት ዓመት ሙሉ ልጁን ያልፈለገው ልቡን ሰምቶ አይደለምን? ልቡ «አንተ አባት ነህ፤ እርሱ ይምጣ» ይለው ነበር። ስለ «የግብጽ ልዑል»ም አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ፊልም ሙሴን ሆኖ የተናገረው ተዋናይ ራሱ የእግዚአብሔርን ድምፅ ሆኖ ተናግሯል። እግዚአብሔር በሰው ኅሊና እንደሚናገር ለማሰብ ይህ መልካም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በውስጤ የምሰማው ድምፅ ሁሉ የእግዚአብሔር ድምፅ ነው የሚል ሰው እንዳይሳሳት፥ ድምፁን በቅዱሳት መጻሕፍትና በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ይመርምር።

ሦስተኛ፥ በእነዚህ ታሪኮች የክፉው ሰው መጨረሻ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋት ነው። ስካርን የገዛ ጅቦቹ ይበሉታል፤ ልጆችም ይደሰታሉ። የክፋት ዋጋ ጥፋት መሆኑን ማሳየቱ እውነት ነው። ነገር ግን ክርስትና ሌላ መጨረሻም ያውቃል። ወንበዴ ሆኖ ኖሮ በመጨረሻዋ ሰዓት ገነትን የወረሰውን ፈያታዊ ዘየማንን ታውቃለች። ክርስቲያኖችን ያሳድድ የነበረውን ሳውልንም ጳውሎስ ሆኖ አይታዋለች። ፊልሙ ሲያልቅ ልጃችሁን፥ «ያ ክፉ ሰው ንስሐ ቢገባስ ኖሮ?» ብላችሁ ጠይቁት። ይህች አንዲት ጥያቄ ጠላቱን መውደድን የምታስተምር ትሆናለች።

አሁን ወደ ዚያ ቤት ልመልሳችሁ። ያን ዕለት አባትየው አንድ ቃል ሳይናገር ወደ ውጭ ወጣ። እኔም በሕፃኑ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥሁና ፊልሙን እስከ መጨረሻው አብሬው አየሁ። ስለ ጠፋው በግና ስለ ጠፋው ልጅም ነገርሁት። በሉቃስ ወንጌል ታላቁ ወንድም ያላደረገውን በዚያ ቤት ትንሹ ወንድም አደረገ፤ ወንድሜን ፈልጉልኝ አለ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አባትየው ታላቁ ልጁ ወደሚኖርበት ከተማ ሄደ። ልጁ በመጀመሪያው ቀን ሊያነጋግረው አልወደደም። አባቱ በሩ ላይ እስኪመሽ ቆሞ ተመለሰ። በማግሥቱ ደግሞ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ልጁ ወጥቶ ቆመው ተነጋገሩ። ፍጻሜው ያማረ ነው ብዬ እንዳላታልላችሁ፥ ልጁ ይህን ትምህርት እስካዘጋጀሁበት ቀን ድረስ ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ፊልም በ90 ደቂቃ ያልቃል፤ ዕርቅ ግን ከዚያ ይረዝማል። ነገር ግን በትንሣኤ ዕለት ስልክ ደውሎ የእንኳን አደረሳችሁ ሰላምታ አቅርቧል። አባቱም ነገሩን ሲነግረኝ፥ «አባቴ፥ ሁለት ዓመት ሙሉ እርሱ የጠፋ ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ የጠፋሁት እኔ ነኝ» አለኝ።

እንግዲህ ወላጆች፥ ምን እናድርግ? ብዙ ሸክም አልጭንባችሁም። ልጃችሁ የሚያየውን ፊልም አስቀድማችሁ እወቁት፤ የማይገባው ከሆነ ምክንያቱን ነግራችሁ ከልክሉት፤ የማስተማር ሥልጣን ተሰጥቷችኋልና አትፍሩ። የሚገባው ከሆነ ደግሞ ቢቻል በሳምንት አንድ ቀን ከጎኑ ተቀመጡ። ስልካችሁን አስቀምጡ። ሲያልቅም ሦስት ነገር ጠይቁት፤ «የጠፋው ማን ነበር? የፈለገው ማን ነው? የተመለሰውስ ወዴት ነው?» መልሱን ከሰማችሁ በኋላ «አንድም» በሉና ከቅዱስ መጽሐፍ አንድ ታሪክ ንገሩት። የጸሎት ሰዓት ሲደርስም ፊልሙ ይዘጋ፤ የእግዚአብሔርን ሰዓት ለሌላ ነገር የሚሰጥ ቤት፥ ፊልሙ ምንም ያህል መልካም ቢሆን፥ ልጁን የትኛው እንደሚበልጥ አስተምሮታል።

ከሁሉ በላይ ግን ልጃችሁ በሥዕል ያየውን አባት በቤቱ ውስጥ ይፈልገዋል። ባሕር ያቋረጠውን ዓሣ አይቶ ወደ እናንተ ዞር ይላል። በዚያች ሰዓት የሚያየው ፊት ምን ዓይነት ፊት ነው? ከእናንተ መካከል የተጣላችሁት ልጅ፥ ያኰረፋችሁት ወንድም፥ «እርሱ ይምጣ» ብላችሁ የተዋችሁት ሰው ያለባችሁ፥ ትንሹ ልጅ እስኪጠይቃችሁ አትቈዩ። ተነሡ፤ ፈልጉት። አባታችን እኛን የፈለገን ሳንመለስ ነውና።

የጠፋውን ሊፈልግ ከሰማያት የወረደ አምላካችን ልጆቻችንን በጥበብና በሞገስ ያሳድግልን፤ የተለያዩትን ያገናኝ፤ ቤታችንን የሰላም ቤት ያድርግልን፤ ፊልጶስን ወደ ሠረገላው የላከ መንፈስ ቅዱስ እያንዳንዳችንን ወደ ልጆቻችን ጎን ይላከን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።